ከሳጉሬ እስከ በቆጂ የጎደለው መንገድ

መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ፣ ስዊድን

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ እንደሻው፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የጥጋብ ይሁንልዎ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ። የአክስትዎ የእማማ ሐመልማል የልጅ ልጅ፣ የገብረ መድህን ልጅ ኤፍራታ ነኝ። ከአሰላ ስንወጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ግሬደርዎ ላይ አስቀምጠው ከቤታችን እስከ ገበያው ድረስ የነዱኝን ግን አልረሳሁም።

ስልክ ደውዬ ነበር። ያነሱት ጎረቤትዎ አቶ ፍሰሐ «ጆሮው አይሰማም፤ ደብዳቤ ከሆነ ግን ነጥብ ሳያስቀር ያነባል» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። ፊደሌ የልጅ ፊደል ቢመስል አይሳቁብኝ። አባዬ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስተማረኝ ነው።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። የምሠራው በመኪና አገር ለሚዞሩ ሰዎች የመንገድ መጽሐፍ በሚያሳትም አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። አሁን ተራው የኢትዮጵያ ሆኗል። ከአዳማ እስከ ዶዶላ ያለውን ምዕራፍ «እሱን ለኔ» ብዬ ወሰድኩት። አባዬ በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ ግን ስለ መንገዱ አይናገርም። እርስዎ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የጠረጉት መንገድ ነው። መንገደኛው ምን እንደሚያይ፣ የት ቢቆም እንደሚሻለው፣ ቦታው ምን ታሪክ እንዳለው እንደመጣልዎ ይጻፉልኝ። አሳታሚው ለድካምዎ ይከፍላል።

አባዬ ሰላም ይልዎታል።

አክባሪዎ ኤፍራታ


ጥቅምት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ኤፍራታ፣

ደብዳቤሽ እኔን እንዳስደሰተኝ አምላክ አንቺን ያስደስትሽ። እንዴት አላስታውስሽም! ግሬደሩ ላይ ሆነሽ የሠፈሩን ልጆች ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ «እዩኝ» ስትይ የነበርሽ ነሽ። ጆሮዬን የበላው ያው ግሬደር ነው። እኔ መንገዱን ስጠርግ እሱ ጆሮዬን ጠረገው።

ክፍያውን ተይው። ጡረተኛ ገንዘብ ካገኘ ዘመድ ይበዛበታል። ከፈለግሽ ግን ውስጡ የሚሞቅ ጫማ ላኪልኝ፣ ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው። የአሰላ ብርድ የሚጀምረው ከእግር ነው።

በይ እንግዲህ። ከአዳማ ስትወጪ ሙቀቱ አብሮሽ ይወጣል። ዴራ ድረስ ግራር ነው፣ አቧራ ነው። ኢተያ ላይ መስኮት መዝጋት ይጀመራል። መንገደኛሽ በኅዳር እንዲመጣ ምከሪው። ያኔ ከኢተያ እስከ ቁሉምሳ ስንዴው ደርሶ፣ ኮምባይነሩ አስፋልቱን ዘግቶ እየተንፏቀቀ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሹፌር ሁሉ ሲሳደብ ይሰማል። ስድቡን አትተርጉሚለት። አሰላ ሲገባ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዙር። ሰማዩ ከጠራ ዝዋይ ሐይቅ ታች እንደ ተወለወለ ሰሃን ይታየዋል።

ታሪክ ብለሻል። የእኛ ቅድመ አያቶች ወደዚህ አገር የመጡት በእንግድነት አይደለም፤ ከጦር ጋር ነው የመጡት። መሬቱም ባዶ አልነበረም፣ ሰው ነበረበት። ይህን ትተሽ የቤተ ክርስቲያኑን ዕድሜ ብቻ ብትጽፊ ግማሽ ታሪክ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ግን አብረን አርሰናል፣ አብረን ተርበናል፣ በክፉ ቀን ተደባብቀናል። እኔ ዛሬም ስቆጣ የምቆጣው በኦሮምኛ ነው። ለቁጣ እሱ ይመቻል።

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ጭላሎ በግራሽ ነው። ጠዋት ጉም ተከናንቦ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ራሱን ይገልጣል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ካለቀ በኋላ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ይጀምራል፤ መውጣት የሚፈልግ ጉልበቱን ይመን። ሳጉሬ በገበያ ቀን ከሰው ፈረስ ይበዛል። ገብሱንና ባቄላውን እዚያ ይየው።

ከሳጉሬ በኋላ ያው ስንዴ ነው። በቆጂ የሯጮች ከተማ ነው፤ ማለዳ ተነስቶ ልጆቹ ሲሮጡ ይመልከት። ከዚያ መራሮ፣ አሳሳ፣ ዶዶላ እያለ ይሄዳል።

ለወንድሜ ለገብረ መድህን ሰላምታዬን አድርሺ። መልስ አልጠብቅም።

ጋሼሽ እንደሻው


ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ውድ ጋሼ እንደሻው፣

ጤናዎና ደስታዎ አብረው ይሰንብቱ። ጫማውን በፖስታ ልኬዋለሁ። ዋና አዘጋጃችን የኮምባይነሩን ነገር ስተረጉምላት ሳቀች፤ ስድቡንም ካልተረጎምሽ ብላ ያዘችኝ። የጦሩንም ነገር እንዳሉት አስገብቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ጎድሎኛል። ለዴራ ግራር እንኳ ቦታ ሰጥተው፣ ከሳጉሬ እስከ በቆጂ ያለውን «ያው ስንዴ ነው» ብለው አለፉት። ካርታው ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሽፋን የተመረጠው ፎቶ ደግሞ ከዚያው ነው፣ ቡርቃ ዲማ ከሚባል ቦታ። አንድ መንገደኛ ያነሳው ነው። መንገድ ዳር ያለ፣ በቀለም ያጌጠ መቃብር ነው። ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ወጣት ተስሎበታል፤ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ አውቶቡስ አለች። ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ ጀግና ፈረሰኛ መቃብር» ብለን ልንጽፍ ነው። የማን እንደሆነ ያውቃሉ? የአባዬም አውቶቡስ ሰማያዊ ስለነበረች ፎቶውን በጣም ወደድኩት።

ስለ አባዬ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። ያ ሁሉ ዓመት ሹፌር የነበረ ሰው እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ መሪ ጨብጦ አያውቅም። መንጃ ፈቃድ አውጣ ቢባል እምቢ አለ። እኔ ስነዳ ደግሞ መንገድ ዳር ሰው ባየ ቁጥር «ቁሚ፣ ቁሚ!» ይለኝ ነበር። ሰውየው ለመሻገር ባያስብም «ቁሚ»። ስንቴ ከኋላችን ጥሩንባ አስነፍቶብናል።

አባዬ ሰላም ይልዎታል።

ኤፍራታ


ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ኤፍራታ፣

ጥምቀት በሰላም አለፈ፤ ለከርሞው አንቺንም ከኛ ጋር ያድርስሽ። ጫማው ደረሰኝ። ፍሰሐ አገላብጦ አየውና «ይህንስ ለክፉም ለደጉም ቀን አስቀምጠው» አለኝ። ምክሩን ሰምቼ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። እግሬ እንደበረደው ነው።

ስለ ሲሬና ስለ አርቦዬ ልጻፍልሽ። ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትገነጠይ ሲሬን ታገኛለሽ። የገበያዋ ሽንኩርትና ጤፍ ጥሩ ነው። ከአርቦዬ ወዲያ አገሩ ወደ አዋሽ ቆላ እየወረደ ይሄዳል። አርቦዬ ላይ ግሬደሬ ተበላሽቶ አሥራ አንድ ቀን ተቀምጫለሁ። ሰዉ በየተራ አብልቶኝ ስመለስ ሱሪዬ አልዘጋ ብሎኝ ነበር። ደግ አገር ነው ብለሽ ጻፊ።

ስለ መቃብሩ አላውቅም። አርሲ ውስጥ በቀለም ያጌጠ መቃብር ብዙ ነው። ሽፋኑ ላይ ባታወጡት ይሻላል።

ከአሰላ በቆጂ መሄድ ለሚፈልግ መንገደኛ፣ በኦጎልቾ አድርጎ ዝዋይ ይውረድ፣ ከዚያ በሻሸመኔና በኮፈሌ ዞሮ በአሳሳ በኩል በቆጂ ይግባ። አገሩ ያምራል፤ ደኑ፣ ከብቱ፣ የኮፈሌ ልምላሜ። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው በዚያ ነው።

ከእንግዲህ ጫማም ሌላም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ገብረ መድህን በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። «ሰላም ይልዎታል» የሚለው ያንቺ ጽሑፍ ነው። ያውም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው።

ጋሼሽ እንደሻው


የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ጋሼ እንደሻው፣

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። የመከሩኝን መንገድ ካርታ ላይ ለካሁት። የአንድ ሰዓት መንገድ ለመሸሽ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ነው። አዘጋጃችን «የነገረሽ ሰው መንገዱን አያውቀውም ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ግን እርስዎ መንገዱን እንደሚያውቁት አውቃለሁ።

እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ ፋጡ የምትባል የሳጉሬ ልጅ አለች። ፎቶውን አሳየኋት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሻይዋን ሳትጨርስ ኮቷን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «እኔ አልነግርሽም፤ አባትሽን ጠይቂው» አለችኝ።

አባቴን መጠየቅ አልችልም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። ምዕራፉን የማስገባው ለከርሞ ታኅሣሥ ስለሆነ ጊዜ አለን። አሁን ግን የምጠይቅዎ ለመጽሐፉ ብዬ አይደለም። እዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ውስጥ ምን አለ?

ኤፍራታ


ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ኤፍራታ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያበርታው፤ ከዚያ በኋላ አንብቢው። ከሁለት ወር በላይ ዝም ያልኩት ጽፌ እየቀደድኩ ነው። አባት እያለ የአባትን ነውር ለልጅ መንገር የኔ ሥራ አልነበረም። «ያው ስንዴ ነው» ያልኩሽም፣ «አላውቅም» ያልኩሽም ውሸት ነው።

መቃብሩ የጉቱ ሁሴኖ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሚያዝያ 1991 ዓ.ም. በሳጉሬ ገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገብስ የጫነ ነጭ ፈረሱን እየሳበ ከቡርቃ ዲማ ወደ ሳጉሬ ይሄዳል። ጉም ነበር። አባትሽ ሰማያዊዋን አውቶቡስ ሞልቶ ወደ በቆጂ ይነዳል። ጉቱንም ፈረሱንም መታቸው። ተሳፋሪው «አቁም!» እያለ ጮኸ። አባትሽ አላቆመም። በቆጂ ድረስ ነድቶ እዚያ ለፖሊስ እጁን ሰጠ።

ሹፌር ለምን እንደማይቆም አውቃለሁ። ሕዝቡ ይገድለኛል ብሎ ይፈራል። እኔም መሪ ላይ ኖሬያለሁና አልፈርድበትም። ግን ልጁ ወዲያው አልሞተም። በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ሌላ መኪና ሳያልፍ ረፈደ። እናቱ ዘይቱና ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገድ መንገዱን ስታይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነፍሱ ወጣች።

አባትሽ ሁለት ዓመት ታሰረ። «አባቴ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዷል» ትይ የነበረው ያኔ ነው። በኛ አገር ግን ፍርድ ቤት ከቀጣ በኋላ ጉማ አለ። ገዳይ በሽማግሌ ፊት ቆሞ በአፉ «ያደረግሁት ይህን ነው» ይላል፤ ካሳው ይሰጣል፣ ሁለቱ ወገን አብሮ ይበላል፣ ያኔ ደሙ ይደርቃል። ክርስቲያን ነን፣ አማራ ነን ብለን የምናመልጠው ነገር አይደለም። መቶ ዓመት አብረን ኖረን የነሱ ሕግ የኛም ሕግ ሆኗል። ሼህ ኢርሻድ ሽማግሌ ሆነው ቀን ተቆረጠ። ከብቱን ዘመድ ሁሉ አዋጥቶ አዘጋጀን። አራት ቀን ሲቀረው አባትሽ አንቺንና እናትሽን ይዞ ከአገር ወጣ።

ጉማ ካልተፈጸመ የገዳይ ዘመድ በሟች ደጅ አያልፍም። ቡርቃ ዲማ ደግሞ መንገዱ የሚያልፈው በሁሴኖ ደጅ ነው። እኔ በእጄ ድንጋይ ያነጠፍኩት መንገድ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ተዘጋብኝ። እናቴ ተሻለች በቆጂ ስትሞት በሻሸመኔ ዞሬ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ያን ቀን አባትሽን ረግሜዋለሁ። በኋላ ንስሐ ገብቼበታለሁ፤ ግን ረግሜዋለሁ።

የጉቱ አባት ኦቦ ሁሴኖ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። ከብት አይፈልጉም። በሼህ ኢርሻድ በኩል የላኩብኝ ቃል ይህ ነው፤ «መምታቱን የአላህ ነው እላለሁ። አለመቆሙ ግን የሱ ነው። ሳልሞት ከአፉ ልስማው።» መምጣት ባይችል በስልክ ድምፁን ቅጂልኝ። የሟቹ እህት ኢስራ አስተማሪ ናት፤ ታሰማቸዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል።

ጋሼሽ እንደሻው


ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ጋሼ እንደሻው፣

በእናትዎ ቀብር ስላልደረሱ አለቀስኩ። እንዴት ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅዎ አላውቅም።

እኔም ዋሽቼዎታለሁ። አባዬ ሰላም ብሎዎት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ደም ወደ ጭንቅላቱ ፈስሶ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ አፉም ተዘጋ። «እ» ከማለት በቀር ድምፅ አያወጣም። ሰምቶ ይገባዋል፣ ያለቅሳል፣ መናገር ግን አይችልም። ዘመድ እንዲያዝንለት፣ «ወይኔ ገብሬ» እንዲባል አልፈለግሁም። ስለዚህ በየደብዳቤው ሰላም አስባልኩት።

ደብዳቤዎን አነበብኩለት። ማንበቤ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። «ጉቱ» የሚለው ስም ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ስጨርስ በግራ እጁ ወደ እስክሪብቶው አመለከተኝ። በግራ እጁ ጽፎ አያውቅም። ያችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀበት፤ ሁለት ወረቀት ተበላሸ፤ ላግዘው ብዬ እጁን ስይዝ ገፋኝ። ሦስተኛው ወረቀት ይኸው ከዚህ ጋር አለ። «አልቆምኩም» ይላል።

አፉ አይደለም። ያለን ግን ይህ ብቻ ነው።

ስቄበት ነበር ጋሼ። «ቁሚ፣ ቁሚ» ሲለኝ እስቅበት ነበር።

ኤፍራታ


ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ኤፍራታ፣

ሐዘንሽን የምታውቅ እመቤት ትደግፍሽ። ወንድሜ እንዲህ መሆኑን ሳልሰማ «መልስ አልጠብቅም» ብዬ በመጻፌ አፈርኩ። ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ወረቀቱን ራሴ ልወስደው አልችልምና ሼህ ኢርሻድ ወሰዱት። ሲመለሱ የነገሩኝን ልጻፍልሽ። ኢስራ አነበበችው። ኦቦ ሁሴኖ ደግማ እንድታነበው አዘዟት። ከዚያ «ፊደሉ ለምን ይንቀጠቀጣል?» አሉ። ሼሁ ሕመሙን ነገሯቸው። ሰውየው «ወረቀት አፍ አይደለም» አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ተስፋዬ ተቆረጠ። ሼሁ ግን አልጨረሱም ነበር። እናቱ አዴ ዘይቱና ተነስታ ወረቀቱን ከልጇ እጅ ወሰደች። ማንበብ አትችልም። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። «ሃያ አምስት ዓመት ሰው ሁሉ ‹አላህ ነው› ይለኛል። ‹እኔ ነኝ› ያለኝ ይህ ብቻ ነው» አለች።

ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል ተብሏል። ለገብረ መድህን ይህን ንገሪው። በጆሮው ቀስ ብለሽ ንገሪው። ቆይ፣ ጠብቀን በይው።

ስለ ፎቶው ኢስራ የላከችው መልእክት አለ። ሽፋኑ ላይ ይውጣ፣ ግን ስሙን ጻፉበት ብላለች። ፈረሱ ዳሌ ይባል እንደነበርም እንዳትረሱ ብላለች።

ጋሼሽ እንደሻው


ጳጉሜ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ጋሼ እንደሻው፣

ፖስታ በጊዜ ስለማይደርስ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ በአቶ ፍሰሐ ስልክ ልኬዋለሁ።

አባዬ ትናንት ማለዳ አረፈ። የነሐሴው ደብዳቤዎ የመጣው ዛሬ ነው። ማን አጠገብ ቁጭ ብዬ ልንገረው? ባዶው አልጋ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አፉ ሳይዘጋ በፊት በቆጂ እናቱ አጠገብ እንድቀብረው አስምሎኛል። ይዤው እመጣለሁ። በየት በኩል እንሂድ? በሻሸመኔ ዙሩ ካሉ እንዞራለን። አልከፋም።

ኤፍራታ


መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ፣

እሱን ያሳርፈው፣ አንቺን ያጽናሽ። በመርዶ ቀን አጠገብሽ ሆኖ የሚያቅፍሽ የአገር ዘመድ ስላልነበረ አንጀቴ ተቃጥሏል።

ሼህ ኢርሻድ ዛሬ ከቡርቃ ዲማ መጡ። ሁሴኖን «አስከሬን ነው፤ ይለፍ ወይስ ይዙር?» ብለው ጠየቋቸው። መልሳቸውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። «ይለፍ። ግን ሁለት ሰዓት ላይ ደርሶ ይቁም። ልጄ የጠበቀውን ያህል ይጠብቅ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይሂድ።»

በሻሸመኔ አንዞርም።

እንደሻው


ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ልጄ ኤፍራታ፣

የገባሽበት ቤት ሙቀት አይጣ። በደህና መድረስሽን ፍሰሐ ነገረኝ። ጉማው በኅዳር ይፈጸማል፤ ባንቺ ፈንታ እኔ እቆማለሁ።

«ያችን ሠላሳ ኪሎ ሜትር እኔ መጻፍ አቃተኝ፤ እርስዎ ይጻፉልኝ» ብለሽ ነበር የሄድሽው። አንቺ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጥለሽ ስለነበር ብዙ አላየሽም። እኔ ግን ከአስከሬኑ መኪና ሹፌር ጎን ተቀምጬ ሁሉንም አየሁ። የላክሽልኝን ጫማ ያደረግሁት ያን ቀን ነው። ጥርጊያ የተውኩት መንገድ አስፋልት ሆኗል። ሳጉሬ ጫፍ ላይ ችግኙ ሲተከል ያየሁት ባሕር ዛፍ ተቆርጦ፣ እንደገና አቆጥቁጦ፣ ደግሞ አድጓል። በራሴ መንገድ ላይ እንደ እንግዳ ዓይኔ ተንከራተተ።

ቡርቃ ዲማ ስንደርስ አዴ ዘይቱና ሲንቄዋን ይዛ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ነበር። ሴት በሠርጓ ቀን የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው፤ እሱን ይዛ ከቆመች ማንም አልፏት አይሄድም። ሹፌሩ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። ሁሴኖ በኢስራ ትከሻ ተደግፈው መጡና መዳፋቸውን የመኪናው በር ላይ አሳረፉ። አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ አልሰማሁም። ኢስራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጮኸችልኝ።

«‹ቆመ ወይ?› ይላል አባቴ።»

«ቆሟል» አልኳቸው።

ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። እኛ በአንድ በኩል፣ እነሱ በአንድ በኩል፣ መሐላችን መኪናው። እንዴት ረጅም ጊዜ ነው ልጄ! ቁጭ ብሎ ላላየው አራት ሰዓት ምን አላት ይላል። ፀሐይ ወጣች፣ ሦስት መኪና ቆሞ ጠበቀ፣ አንድም ሰው ጥሩንባ አልነፋም። ያ ልጅ ይህን ሁሉ ሰዓት መንገድ ሲያይ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ! ጉልበቴን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አዴ ዘይቱና በትሯን ከመንገዱ አነሳች። ላንቺ በጣሳ ወተት ያመጣችልሽንም፣ እንዴት እንደጠጣሽውም አይቻለሁ። ከጣሳው የተረፈውን ለኔ ስትሰጠኝ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። አልጠረግሁትም።

ለመጽሐፉ የሚሆነው ይኸው ከታች አለ። አንድ ቃል እንዳትቀንሱበት።

ጋሼሽ እንደሻው

ከሳጉሬ ወደ በቆጂ። ከሳጉሬ ስትወጣ ነዳጅህን እይ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ከሥሩ ግን ድሮ በእጅ የተነጠፈ ድንጋይ አለ። በሁለቱም ጎን ስንዴና ገብስ ነው። ጠዋት ጉም ስለሚኖር መብራት አብራ፤ ፈረስ የሚስቡ ሰዎች አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉና ቀስ በል። ቡርቃ ዲማ ላይ በቀኝህ ነጭ ፈረስ የተሳለበት መቃብር ታያለህ። የጉቱ ሁሴኖ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የፈረሱ ስም ዳሌ ነው። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ማዶ ካለው ቤት ደጅ ሆነህ ተጣራ፤ አባትና እናቱ በሕይወት አሉ። ብትቸኩልም፣ ቢመሽብህም፣ ብትፈራም፣ እዚህ ቦታ ላይ መኪናህን አቁም።